የእግርን ልክ አውቆ የቤት ውስጥ ጫማ በኪሮሽ መሥራት

በዚህ ዕትም የእጅ ሥራ አምዳችን የምንማረው በኪሮሽ የሚሠራ የቤት ውስጥ ጫማ ነው። ብዙዎቻችሁ በአገር ቤት በቀጭን ክር ዳንቴል ስትሠሩ አድጋችኋል። የጠረጴዛና የሶፋ ልብስ የሠራ እጅ ይህን ለመሥራት አይቸገርም። አዲስ የሚሆንባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ልክ ነው። ዳንቴል ከጠረጴዛው ሁለት ጣት ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ማንም አይናገረውም። ጫማ ግን ልኩ ከተሳሳተ የቱንም ያህል ቢያምር ከሣጥን አይወጣም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ከአሠራሩ በፊት አለካኩን እንማራለን።

ለምን የቤት ጫማ?

በቤይሩትም ሆነ በአማን ክረምት ሲገባ የቤቱ ሴራሚክ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ እግር ማታ ሙቀትና ዕረፍት ይፈልጋል። የራስሽን እግር መንከባከብ ቅንጦት አይደለም፤ የምትሠሪው በእርሱ ላይ ቆመሽ ነውና። ሁለተኛው ምክንያት ስጦታ ነው። የክር ጫማ ቀላል ነው፤ ታጥፎ በትንሽ ቦታ ስለሚገባ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው «ሻንጣዬ ሞልቷል» ብሎ አይመልሰውም። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቅ እናት ዋጋውን ታውቃለች።

1. ልክ የሚጀምረው ከእግሩ እንጂ ከጫማ ቁጥር አይደለም

«ቁጥሯ 38 ነው» ማለት ለሱቅ ጫማ ይረዳል፤ ለእጅ ሥራ ግን አይበቃም። በአውሮፓ የጫማ አለካክ በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 2/3 ሴንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ 38 ከሌላው 38 ጋር ሁልጊዜ አይተካከልም፤ ቁጥሩም እግሩ ሰፊ ይሁን ቀጭን አይናገርም። በስንዝር መለካትም እንዲሁ ነው፤ የአያትና የልጅ ልጅ ስንዝር አንድ አይደለም። እኛ የምንፈልገው ሁለት ቁጥሮችን በሴንቲ ሜትር ነው።

ሀ. ርዝመት፡- ከተረከዝ ጀርባ እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ። ረጅሙ ጣት በሁሉም ሰው ላይ አውራ ጣት አይደለም፤ በአንዳንዱ ሰው ሁለተኛው ጣት ይበልጣል።

ለ. ዙሪያ፡- ከጣቶቹ ሥር እግሩ በጣም በሚሰፋበት ቦታ ሜትር ወይም ክር ዞሮ ሲገጥም የሚያሳየው ልክ። ክሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው።

ሲለካ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። ሰውየው ቆሞ ይለካ፤ የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ማታ ይለካ፤ እግር ቀኑን ሲቆም ውሎ ያብጣልና። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ በብዙ ሰው አንዱ ከሌላው ጥቂት ይበልጣል፤ የምንሠራውም በሚበልጠው ነው።

2. ሩቅ ላለ ሰው መሥራት

እዚህ ላይ ልብ እንበል። እናት ልጇን ትታ ስትወጣ ያየችው እግር በልቧ ሳይለወጥ ይቀመጣል። እግሩ ግን አይጠብቃትም። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን እግር በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ እግር ደግሞ በዓመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። በ4 ዓመቱ ትተሽው የመጣሽው ልጅ ዛሬ 7 ዓመቱ ከሆነ፣ እግሩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አድጓል ማለት ነው። ይህ በሱቅ ጫማ ከ3 ቁጥር አያንስም። በትዝታ ልክ የተሠራ ጫማ ሲደርስ ጣቱ እንኳ አይገባበትም። ልጁም ያዝናል፤ እናቲቱም «ልጄን አላውቀውም ማለት ነው» ብላ ሌሊቱን ታለቅሳለች። አለማወቅ ሳይሆን አለመጠየቅ ነው። መጠየቅ ደግሞ አያሳፍርም።

በስልክ የምታገኚው ጊዜ አጭር ከሆነ አስቀድመሽ ይህን ብቻ ንገሪያቸው፦ «ማታ በወረቀት ላይ አቁሙትና እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሁለቱን እግሮቹን ዙሪያቸውን ሣሉ። በትምህርት ቤት ማስመሪያ ርዝመቱን ለኩ። በክር ዙሪያውን ለኩና ክሩን በማስመሪያው ላይ አስተኙ። ሁለቱን ቁጥሮች ንገሩኝ።» ዕድሜውንና የተለካበትን ቀን አብረሽ በደብተርሽ ጻፊ።

ፎቶ የሚልኩልሽ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ብቻውን ልክ አይናገርም። እግሩ የተሣለው በአንድ ሙሉ ኤ ፎር ወረቀት ላይ ይሁን፤ አራቱም የወረቀቱ ማዕዘኖች ይታዩ፤ ፎቶውም ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሣ። የኤ ፎር ወረቀት ረጅሙ ጎን 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በስልክሽ መስተዋት ላይ የወረቀቱ ረጅም ጎን 9.9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ወረቀቱ 3 እጥፍ አንሷል ማለት ነው። በዚያው መስተዋት ላይ እግሩ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 6 በ3 ሲባዛ እውነተኛው ርዝመት 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ዕቃው እስኪደርስ ስንት ወር እንደሚፈጅም አስቢ። መንገደኛ የሚሄደው ከ6 ወር በኋላ ከሆነ፣ ለትምህርት ቤት ልጅ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በተለካው ላይ ጨምሪ።

3. ክርና ኪሮሽ መምረጥ

ሱፍ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ወደ ቦታውም ይመለሳል፤ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ግን ተጨማዶ ያንሳል። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይታጠባል፤ ካውያ ሲነካው ግን ይበላሻል። ጥጥ ለበጋ ይመቻል፤ ሆኖም አንዴ ከተለጠጠ እንደ ሱፍ ስለማይመለስ ጫማው ቶሎ ይሰፋል። ለመጀመሪያ ሥራ መካከለኛ ውፍረት ያለው አክሪሊክ ጥሩ ነው። 100 ግራም ለአንድ ጥንድ የአዋቂ ጫማ ይበቃል። የኪሮሹ ውፍረት 4.5 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። በዐረብኛ ኪሮሹን «ሲናራ» ብለሽ ብትጠይቂ ባለ ሱቁ ይገባዋል።

የተጣለ ሹራብ ፈትቶ ክሩን መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን የአሠሪ ቤት ዕቃ ከሆነ፣ ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ ብታገኚውም እንኳ ማዳምን በግልጽ ጠይቂ። በአሮጌ ሹራብ ምክንያት ስምሽ እንዳይነሣ።

4. መለኪያ ቁራጭ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ልክ የሚበላሸውም እዚህ ነው። አንዷ ክሯን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ሌላዋ ላላ። ስለዚህ በአንድ ክርና በአንድ ኪሮሽ ሁለት ሴቶች እኩል ቢቆጥሩም ጫማቸው እኩል አይወጣም። የራስሽን እጅ ማወቅ አለብሽ።

በዚህ ትምህርት የምንጠቀመው አንድ ዓይነት አሠራር ብቻ ነው። ኪሮሹን አስገቢ፤ ክር ሳቢ፤ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል። እንደገና ክር ጠቅልለሽ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ አሳልፊ። ይህን «አንድ ዓይን» እንለዋለን።

21 ሰንሰለት ሥሪ። ከኪሮሹ በሁለተኛው ሰንሰለት ጀምረሽ 20 ዓይን ሥሪ። በየረድፉ መጨረሻ 1 ሰንሰለት ሠርተሽ አዙሪ። 20 ረድፍ ሲሞላ ቁራጩን ሳትስቢው በጠረጴዛ ላይ አስተኚው። መሐሉ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይንና ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሪ። ለምሳሌ 15 ዓይንና 16 ረድፍ ቢሆን፣ በ1 ሴንቲ ሜትር 1.5 ዓይንና 1.6 ረድፍ ነው ማለት ነው። ቁራጩ ልል ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ በቀጠነ ኪሮሽ ድገሚው፤ ልል የተሠራ የጫማ መርገጫ ቶሎ ይቀደዳል።

5. ስሌቱ

የክር ጫማ ይለጠጣል። በእግሩ ልክ ከተሠራ በሳምንቱ ይሰፋል። ስለዚህ ለአዋቂ ከርዝመቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከዙሪያው ደግሞ አንድ አሥረኛውን እንቀንሳለን። ለሚያድግ ልጅ ግን ከዙሪያው ብቻ እንቀንሳለን፤ ርዝመቱን እንዳለ እንተወዋለን፤ የመለጠጡ ትርፍ ለዕድገቱ ይሆነዋል።

ምሳሌ፡- የአንዲት እኅት እግር ርዝመት 24፣ ዙሪያው 22 ሴንቲ ሜትር ነው።
ርዝመት፦ ከ24 ላይ 1.5 ሲቀነስ 22.5። በ1.6 ሲባዛ 36 ረድፍ።
ዙሪያ፦ ከ22 ላይ 2.2 ሲቀነስ 20 ገደማ። በ1.5 ሲባዛ 30 ዓይን።

በፎቶ የለካነው ልጅ ርዝመቱ 18፣ ዙሪያው 17 ቢሆን፣ ርዝመቱ 29 ረድፍ፣ ዙሪያው 23 ዓይን ይሆናል። ለመጨመር እንዲመች 24 እናድርገው።

6. አሠራሩ

ሥራው ከጣት ጫፍ ይጀምራል፤ ወደ ተረከዝ ይሄዳል። የዚህ ጥቅሙ እየሠሩ በእግር ላይ መሞከር መቻሉ ነው። ከዚህ በታች ያለው የ30 ዓይን ጫማ ነው።

ጣት፡- 4 ሰንሰለት ሠርተሽ ጫፎቹን በማያያዝ ቀለበት አድርጊ።
1ኛ ዙር፦ በቀለበቱ ውስጥ 6 ዓይን።
2ኛ ዙር፦ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ሁለት ሁለት፤ 12 ይሆናል።
3ኛ ዙር፦ አንዱን ነጠላ፣ ቀጣዩን እጥፍ፤ 18 ይሆናል።
4ኛ ዙር፦ ሳትጨምሪ 18።
5ኛ ዙር፦ ሁለት ነጠላ፣ አንድ እጥፍ፤ 24 ይሆናል።
6ኛ ዙር፦ ሳትጨምሪ 24።
7ኛ ዙር፦ ሦስት ነጠላ፣ አንድ እጥፍ፤ 30 ይሆናል።

ዙሩ የሚጀምርበት እንዳይጠፋሽ በሌላ ቀለም ክር ምልክት አድርጊ። ስሌትሽ 28 ወይም 26 ካለ በመጨረሻው የመጨመሪያ ዙር የጎደለውን ብቻ አራርቀሽ ጨምሪ።

የእግሩ ፊት፡- ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ 18ኛው ዙር እስኪሞላ ቀጥይ። ይህ የጠቅላላው ረድፍ እኩሌታ ነው። አሁን በእግር ላይ ሞክሪው። ጠርዙ የእግሩ ጀርባ ወደ ላይ መነሣት ከሚጀምርበት ቦታ ሊደርስ ይገባል። ጣቶቹን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ እንጂ አይጨፍልቅ። ካልተስማማሽ እዚህ ላይ መፍታት ቀላል ነው፤ ከተረከዙ በኋላ ግን ድካም ነው።

መርገጫና ጎን፡- ከ30ው ውስጥ 8 ዓይን ለጫማው አፍ ተዪ፤ ይህ ሩብ ያህሉ ነው። በቀሩት 22 ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለስሽ 16 ረድፍ ሥሪ። በየረድፉ መጨረሻ 1 ሰንሰለት ሠርተሽ ማዞርን አትርሺ። አሁን ጠቅላላው 34 ረድፍ ነው።

ተረከዝ፡- 35ኛው ረድፍ፦ 9 ዓይን ሥሪ፤ ቀጥሎ ሁለት ዓይን በአንድ ላይ አጣምሪ፤ እንደገና ሁለት አጣምሪ፤ 9 ሥሪ። 20 ይቀራል። 36ኛው ረድፍ፦ 8 ሥሪ፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት አጣምሪ፤ 8 ሥሪ። 18 ይቀራል። መሐሉ ስለ ተሰበሰበ ተረከዙ ሹል ሳይሆን ክብ ይሆናል። ይህን ጠርዝ 9 በ9 አጥፈሽ የውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠሽ በመርፌ ስፊ። ስፌቱ ቆዳ እንዳይፍቅ ቋጠሮው በውጭ በኩል እንዲቀር የሚመርጡም አሉ።

አፍ፡- በጫማው አፍ ዙሪያ 2 ዙር ዓይን ሥሪ።

ለ24ቱ የልጅ ጫማ በ5ኛው ዙር 24 ሲሞላ መጨመር አቁሚ፤ 14ኛው ዙር ላይ 6 ዓይን ለአፉ ተዪ፤ በ18 ላይ 15 ረድፍ ሥሪ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች እንደ ላይኛው መሐሉን አጣምሪ።

ሁለተኛውን እግር ስትሠሪ በዓይንሽ ግምት አትሂጂ፤ ከደብተርሽ ቁጠሪ። እጅ ሲደክም ክር ይጠብቃል። አንዱን በእሑድ ዕረፍት፣ ሌላውን ከሥራ በኋላ በእኩለ ሌሊት የሠራች እኅት ሁለቱ ባይመሳሰሉ አይግረማት። ከተቻለ ሁለቱንም ጣቶች መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም ተረከዞች ሥሪ።

7. ልኩ ሲሳሳት

ተረከዙ እየወለቀ ከሆነ፡- ጫማው ብዙውን ጊዜ የረዘመ ሳይሆን አፉ የሰፋ ነው። የአፉን ዙር ፈትተሽ በየአምስት ዓይኑ ሁለቱን እያጣመርሽ እንደገና ሥሪ።

ጣት ከተጫነው፡- ርዝመቱ አንሷል። የተረከዙን ስፌትና የመጨረሻዎቹን ሁለት ረድፎች ፈትተሽ 2 ረድፍ ጨምሪ፤ ከዚያ ተረከዙን ድገሚ። ይህ 1.25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል።

በጎን ከጠበበ፡- ረድፍ መጨመር አይረዳም። ዙሪያው ስለሆነ የጎደለው እስከ ጣቱ ድረስ ፈትቶ ዓይን መጨመር ይሻላል።

ከታጠበ በኋላ ከሰፋ፡- በርጥቡ አንጠልጥለሽ አስጥተሽው ይሆናል። ለብ ባለ ውኃ አጥበሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ውኃውን አስመጥጪ፤ ቅርጹን አስተካክለሽ በጠፍጣፋ ቦታ አስጪ። በረኪና አታስነኪው፤ ሱፍን ይበላዋል።

8. ጥንቃቄ

የክር መርገጫ በሴራሚክና በእብነ በረድ ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ይህን ጫማ ወለል ስትወለውዪ፣ መታጠቢያ ቤት ስታጥቢ፣ ደረጃ ስትወጪ፣ ወንበር ወይም መሰላል ላይ ስትቆሚ አታድርጊው። ለሥራ የጎማ ጫማ፣ ለማረፊያ የክር ጫማ። ለማረፊያም ቢሆን ከመርገጫው ሥር በቱቦ የሚሸጠውን ሲሊኮን በትናንሽ ነጥብ አድርጊበትና አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ለአረጋውያንና መራመድ ለጀመሩ ሕፃናት ስትሠሪ ይህን በፍጹም አትተዪ። ወላጅን የሚጥል ስጦታ ስጦታ አይደለም።

ለመለማመድ

የ9 ዓመት ልጅ እግር ርዝመቱ 21፣ ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። እጅሽ በ1 ሴንቲ ሜትር 1.5 ዓይንና 1.6 ረድፍ ቢሠራ፣ ስንት ዓይንና ስንት ረድፍ ያስፈልጋል? መልሱን ከማየትሽ በፊት በደብተርሽ ሥሪው። መልስ፦ ልጁ ስለሚያድግ ርዝመቱን አንቀንስም፤ 34 ረድፍ ይሆናል። ከዙሪያው 2 ቀንሰን 18 በ1.5 ስናባዛ 27 ዓይን ይሆናል። ስለዚህ 24 ላይ ስትደርሺ በሚቀጥለው የመጨመሪያ ዙር 3 ብቻ ትጨምሪያለሽ።

ከእጅ ሥራው የምንማረው

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ስለ ጣቢታ እናነባለን፤ ዶርቃም ትባላለች። ዛሬ ያፋ በምትባለው በኢዮጴ ትኖር ነበር። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ብዙ ገንዘብ እንደ ነበራት አልተጻፈልንም። የታወቀችው በበጎ ሥራዋና በእጇ ሥራ ነው።

እኛም ብዙ ጊዜ የምንልከው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ጌታ ይባርከው። ገንዘብ ግን ልጁ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ደረሰ አይጠይቅም። የእግሩን ልክ የምትጠይቅ እናት ልጇ ትናንት የነበረበትን ሳይሆን ዛሬ የደረሰበትን ታውቃለች። ስለዚህ በሚቀጥለው የስልክ ቀንሽ ከሌላው ወሬ በፊት እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ጠይቂ። ክሩን ከዚያ በኋላ ትገዣለሽ።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ የናፈቃችኋቸውንም በሰላም ያገናኛችሁ። አሜን።